የጥዑመልሳን መደብ

ቢላ ከቢላ ጋር ሲፋጭ የሚወጣው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሰላ ልጆች ሳለን የበዓል ዋዜማ መድረሱን የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነበር። የግብረ ገብ መማሪያ መጽሐፋችን ላይ ደግሞ አንድ ሥዕል ነበረ፤ አንዱ ልጅ ዳቦውን ይቆርሳል፣ ሌላው መርጦ ያነሣል። ከሥሩ «ፍትሕ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። መምህራችን ከዚህ የበለጠ አላስተማሩንም፤ እኛም የጎደለብን ነገር ያለ አልመሰለንም።

ያንን ድምፅ እዚህ ዳላስ እንደገና የሰማሁት ከጥዑመልሳን እጅ ነው። ዳላስ አጠገብ ቤድፎርድ ይኖራል፤ አየር ማረፊያው ላይ ተሳፋሪ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል በሻትል ያመላልሳል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያወርድ ስሙን የሚጠይቀው የለም። በዓመት አንድ ቀን ግን፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ የቅርጫችን መዳቢ ነው። ያን ቀን ንጉሥ ነው፤ ንግሥናውንም አይደብቅም። ትንሽ የጉበት ቁራጭ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ እንደገና እየመለሰ፣ በጾም አንጀታችን አቁሞ ያውለናል። «ጥዑሜ፣ እኩል ሆኗል እኮ!» ስንለው፣ «እኩል የሚሆነው እኔ እኩል ነው ስል ነው» ይለናል።

ዘንድሮ ልጁን ሊዮንን ይዞ መጣ። ሊዮን እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የሚማር ልጅ ነው። ጥዑመልሳን ቀደም ብሎ ደውሎ፣ «ዛሬ ይየውና ቢላዎቹን አስረክበዋለሁ። ከኔ ወዲያ መዳቢው እሱ ነው» ብሎኝ ነበር። ድምፁ የሙሽራ አባት ድምፅ ነበር።

የተሰበሰብነው ዋይሊ ከተማ፣ የቅርጫ ጓደኛችን የባስልዮስ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። አሠራራችን ቀላል ነው። መዳቢው መደቦቹን ደርድሮ ሲጨርስ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። መዳቢው አንዱን መደብ በቢላው ጫፍ ነክቶ «ይሄ የማን ነው?» ይላል፤ ያኛውም ሳያይ የመጣለትን ስም ይጠራል። የመዳቢው ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተረፈው መደብ የእሱ ነው።

ሊዮን ፊቱን የጋራዡ ግድግዳ ጥግ ወደቆመው ውሃ ማሞቂያ አዙሮ ቆመ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ጥዑመልሳን።

ስም በመጥራት ፈንታ ልጁ ዞረ።

«አባዬ፣ ቆይ። ሶ፣ መደቡ ሁሉ እኩል ነው፣ ኦኬ። ግን ሰዎቹ እኩል አይደሉም። ማለቴ፣ ለሁሉም እኩል መስጠት ፌር ነው?»

«ፊትህን አዙር።»

«ተወው ይናገር እንጂ ጋሼ!» አለች አሰለፈች፣ የአምስት ልጆች እናት። «የተማረ ልጅ አይደል? ምን ይላል ትምህርቱ?»

ሊዮን ለሥጋው ያጠለቀውን ጓንት አወለቀ። አንዳንድ ፈላስፎች «ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ይሰጥ» ይላሉ አለን። አሰለፈች ሻኛ ያለበትን መደብ ወዲያው ወደ ራሷ ሳበች። ሌሎቹ ደግሞ «ሰው በንጹሕ መንገድ ያገኘውን ማንም አይካፈለው» ይላሉ አለ። ባስልዮስ በሬውን የመረጠውም በፒካፑ የጫነውም እሱ መሆኑን አስታውሶን፣ «ነፃነት ማለት ይሄ ነው» ብሎ ዳቢቱን አነሣ። ሦስተኛዎቹ «ቁም ነገሩ የተሰጠህ ነገር ሳይሆን በተሰጠህ ነገር ምን ማድረግ ትችላለህ የሚለው ነው» ይላሉ ሲል የእኔም ጆሮ ቆመ። ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው፤ ጎድን ለእኔ ጌጥ እንጂ ምግብ አይደለም። ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ አስረዳሁ፤ ለስላሳው ሽንጥም ወደ እኔ መጣ።

ሊዮንን ላብ አጠመቀው። «ኖ፣ ኖ! ሁላችሁም ለራሳችሁ ነው የምታወሩት! ሌላ ቲዮሪ አለ፣ ቤስት የሆነው። መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ እርሱት። ከዚያ ደንብ አውጡ።»

«ፒካፑ የማን እንደሆነ ልርሳ?» አለ ባስልዮስ።

«አምስቱ እውጭ ቫን ውስጥ እየተቧቀሱ ነው፤ በምን ተአምር ነው የምረሳቸው?» አለች አሰለፈች። «አንተ እርሳ፤ አልወለድክ!»

ሊዮን መልስ ፍለጋ ይመስል ዞር ሲል ውሃ ማሞቂያውን አየ። ከዚያ አባቱን።

«አባዬ! ዋው! ይሄ ያንተ አሠራር እኮ ያው ቲዮሪው ነው! ማን የቱን እንደሚያገኝ ሳታውቅ ትመድባለህ፤ የራስህን እንኳ አታውቅም! ሴሚስተሩን ሙሉ ያነበብኩት ይሄን ነው!»

የጥዑመልሳን ፊት በራ። «እኮ! በል ፊትህን አዙር።»

ግን ማን ይመለስ? ሻኛው ፌስታል ውስጥ ገብቶ አፉ ተቋጥሯል። እኔም ሽንጡን በእጄ ይዤ ግድግዳ መመልከት ኋላ ቀርነት መሰለኝ። ባስልዮስ «በዲሞክራሲ እንወስን» አለና እጅ አወጣን። ግድግዳው ተሸነፈ። ሊዮን ገለልተኛ መሆን ስላለበት እጅ አላወጣም፤ ቆጠረልን።

ከዚያ ወዲያ ጥዑመልሳን የታዘዘውን ብቻ ቆረጠ። «ጋሼ፣ ከዚህ ጨምርልኝ፣ ፍላጎቴ ነው።» ቆረጠ። «ከዚያኛው በል፣ መብቴ ነው።» ቆረጠ። እኩል ሆኗል አልሆነም የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ደም የነካው ላስቲክ ብቻ ቀረ።

«አባዬ፣ ያንተስ?» አለ ሊዮን።

ሁላችንም የየራሳችንን ፌስታል አየን።

«ውይ፣ በሞትኩት!» አለች አሰለፈች፣ ፌስታሏን ግን አላስቀመጠችም። «የጋሼ በየትኛው ይታይ?»

«በፍላጎት እንዳይባል ልጁ አድጎለታል» አለ ባስልዮስ።

«በድካም ቢታይስ?» አልኩ እኔ፣ ሽንጤን እንደያዝኩ።

«ኖ፣ ድካም ሌላ ክርክር ነው» አለ ሊዮን፣ ዓይኑ እያበራ። ለማሰብ እንዲመቸው ፊቱን ወደ ውሃ ማሞቂያው አዞረ። «ሶ፣ በመጀመሪያው ቲዮሪ ካየነው…»

ጥዑመልሳን ቢላዎቹን አጠበ። አንዴ እርስ በርስ አፋጫቸው። ከዚያ በፎጣ ጠቀለላቸው፤ የልጁን ጀርባ ትንሽ ቆሞ አየና ጥቅሉን ሳያስረክብ ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ።