ኦካፒ የሚባል እንስሳ አለ

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ውጭ አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንግሊዝኛ እማር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሆቴል ውስጥ ክሊኒንግ እሠራለሁ። አገር ቤት ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ እዚህ ግን የጠየቀኝ ስላልነበረ ማውራቱን ትቼው ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጡት ከዛየር የመጡ ሴት ነበሩ። እናቴን ስለሚያህሉ፣ እንግሊዝኛው ባይፈቅድልኝም በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ስለ አገራችን እንስሳት እንድንናገር ጠየቀችን። እሳቸው ተነሡ።

"ኦካፒ" አሉ። "የቀጭኔ ዘመድ ነው። ጫካ ውስጥ ይኖራል። እግሩ ላይ ነጭ መስመር አለው።"

አስተማሪዋ ፈገግ አለች። "የሜዳ አህያ ማለትሽ ነው።"

"አይደለም። ኦካፒ ነው።"

"እንደዚያ የሚባል እንስሳ የለም" አለችና ሰሌዳው ላይ "ዚብራ" ብላ ጻፈች። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም፤ ኦካፒ እንዳለ አውቅ ነበር። የቀጭኔ የቅርብ ዘመድ ኦካፒ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ በእንግሊዝኛዬ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ። ሴትዮዋ ቁጭ ብለው ደብተራቸውን ሲዘጉ አፈርኩ።

ያን ቀን ሥራ ከመግባቴ በፊት ላይብረሪ ሄጄ ኦካፒን ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ አገኘሁት። ገጹን ፎቶ ኮፒ አደረግኩ።

በማግስቱ አስተማሪዋ "ዚብራ" እያለች ስታስደግመን እሳቸው አፋቸውን አልከፈቱም።

"ድገሚ እንጂ!"

"አልደግምም።"

ያኔ ተነሣሁ። "እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ" አልኩ፤ "ነበርኩ" አላልኩም። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። "ኦካፒ አለ። የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ።"

ስታነበው ፊቷ ቀላ። "ሳይንቲስቶች ያወቁት በዚህ ክፍለ ዘመን ነው ይላል እኮ" አለች።

"እኛ ድሮም እናውቀው ነበር" አሉ ሴትዮዋ። ወደ ፊት ወጥተው ሰሌዳውን አጠፉና በትልልቁ "ኦካፒ" ብለው ጻፉ። ምላሱ ጆሮውን እስኪልስ ድረስ ረጅም እንደሆነ፣ ሰው ሲሸተው እንዴት ድምፁን አጥፍቶ እንደሚሰወር አወሩ። አስተማሪዋ የእንግሊዝኛ ግሳቸውን ልታርም ስትል እጃቸውን አነሡ፤ "ግሱ ይቆይ!"

ስትሪትካር የሚሉትን የመንገድ ላይ ባቡር ስንጠብቅ፣ "ትናንትም ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ሁለተኛ ዝም እንዳትይ።"

አስተማሪዋ ይቅርታ አልጠየቀችም። እኔ ግን "ስምሽ ከበደኝ" እያለ በሌላ ስም ይጠራኝ የነበረውን የሆቴል አለቃዬን፣ በትክክል እስኪጠራኝ ድረስ አቤት አልለውም አልኩ። ሦስት ቀን ፈጀበት።