ቡሬ አደባባይ ላይ ሰው ያጣው ጠጅ ቤት

ሰኞ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጣሊያን አገራችንን ከያዘ ሦስተኛው ዓመት፣ ወሩም ጥቅምት ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ የተነሣሁት ታናሽ እኅቴ የሻረግ በነጋዴው በዑመር አፍ በላከችብኝ ቃል ነው። ቃሉ አጭር ነበር፤ "ሰው አይገባልኝም። ጥቅምት ሳያልቅ ካልደረሱልኝ ቤቱን ይነጥቁኛል።"

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የቡሬው የጣሊያን ሹም ከከተማው መካከል አዲስ አደባባይ አስጠርጎ፣ በዙሪያው ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች አሠርቶ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በረንዳና መንገዱን የሚያይ ሰፊ የመስተዋት መስኮት እንዲኖረው ትእዛዝ ነው። እኅቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት በሬዎቿን ሸጠች፤ ከነዚያ ቤቶች አንዱንም ለጠጅና ለምግብ ያዘች። መስኮቱን የሠራሁላት እኔ ነኝ። አናጢ ነኝ፤ በማርቆስ መስኮት ከተባለ ስሜ ይጠራል። ይኸን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ልመካ ብዬ ነው።

አሁን ሹሙ አዋጅ አስነግሯል። አደባባዩ ባዶ ሲሆን ሕዝቡ መንግሥቱን የጠላ ያስመስላል፤ በጥቅምት መጨረሻ ራሱ እየዞረ ያያል፤ ሰው የማይበላበትን ቤት ወስዶ ለሌላ ይሰጣል። በሬዎቹ ተሸጠዋል። ቤቱ ከተወሰደ የሻረግ የምትመለስበት እርሻ የላትም።

እኔ ግን ምክንያቱ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። የጎደለው ወንበር ነው! ሰው በመደብና በዱካ ላይ ተኮራምቶ መቀመጥ ሰልችቶታል አልሁ። ባለ መደገፊያ አራት ወንበሮች ሠርቼ በዑመር በቅሎዎች ላይ ጫንሁ። ዑመር ጭነቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

"ስነግድ ኖሬ ወንበር የጠማው ሰው አይቸ አላውቅም" አለኝ።

ዑመር ቀልደኛ ነው።

ማክሰኞ፣ ደንበጫ

ሰኞን አማኑኤል አድረን ማክሰኞ ጉዞ ቀጠልን። አዲሱ የጠጠር መንገድ ለመኪና ጥሩ ነው፤ ለበቅሎ ኮቴ ግን ክፉ ነው። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር አቧራው ያለብሰናል፤ አንዷ በቅሎም ደንብራ ወንበሮቼን ከግራር ጋር አላተመችብኝ። ከዚያ በኋላ ዑመር የድሮውን የእግር መንገድ መረጠ። በግራና በቀኝ ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ ጤፉ ገና አላሸተም። ዝናቡ ካባራ ስለ ሰነበተ ጅረቶቹ ጎድለው ጭነት ሳናወርድ ተሻገርን።

ምሳችንን ከመንገዱ ወረድ ብለን ከአንድ ዋርካ ሥር በላን። እኔ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ጋቢዬን ከፍ አድርጌ፣ ድርቆሼን በላሁ። ዑመርም ከግንዱ ወዲያ ማዶ የራሱን ስንቅ ፈትቶ ነበር። ነፋሱ ደስ ይል ነበር።

ደንበጫ ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበረች። ዑመር ወደሚያውቃት ጠላ ቤት ወሰደኝ። ጎንበስ ካላሉ በሩ አያስገባም፤ መስኮት የሚባል የለውም። ውስጡ ጢም ብሏል። ሰው በመደቡ፣ በመሬቱ፣ በገብስ ጆንያው ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል። ለሁለት ዋንጫ ጠላና ለአንድ እንጀራ ከሽሮ ጋር በጣሊያን ሊሬ ከፈልሁ፤ ማርትሬዛ ብር ብታወጣ የሚዘረዝርልህ የለም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ እጄን ከሰው እንጀራ ላይ አሳርፌ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት እንዲህ መሙላቱ ለአናጢ ስድብ ሆኖ ታየኝ።

"እመቤት፣ ከመንገዱ በኩል ግድግዳውን ከፍቸ ሰፊ መስኮት ላውጣልዎት?" አልኋት ባለቤቷን።

ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደንግጣ ቆመች። "ምነው ወንድሜ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ሴትዮዋን ሥልጣኔ ያልገባት ብዬ በሆዴ አዘንሁላት።

ረቡዕ፣ ፍኖተ ሰላም

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ከተማ ገባን። መግቢያው ላይ ኬላ አለ። ለጣሊያን ያደረው አስካሪ ወታደር የይለፍ ወረቀታችንን ካየ በኋላ ወንበሮቹን ገልብጦ እግራቸውን አንኳኳ፤ ውስጣቸው ጥይት የተደበቀ መስሎት ነው።

"ምን ይሠራል ይኸ?" አለኝ።

"የሚበላ ሰው ይቀመጥበታል። ለቡሬ አደባባይ ነው።"

"ለአደባባይ?" ብሎ ሳቀና ወረቀቴን መለሰልኝ። "የኛውን አደባባይ አይተኸዋል?"

ሄጄ አየሁት። እንደ ቡሬው አዲስ ነው፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ከአንዱ በረንዳ ላይ አንድ ወታደር ብቻውን ጠርሙስ ይዞ ተቀምጧል። ከኋላ ባሉት ሣር ቤቶች በኩል ግን የሰው ሁካታ ይሰማ ነበር።

ዑመር የራሱን ምክንያት ነገረኝ። "ኬላው ነው። ገበሬ ጠመንጃውን አስይዞ ጠጅ ሊጠጣ ይገባል እንዴ?"

"የደንበጫዋ ሴትዮ ቤትስ ከደንበጫው ኬላ ውስጥ አይደለም? እሱ ለምን ሞላ?" አልሁት።

ረታሁት ብዬ ደስ አለኝ፤ ጥያቄው ለእኔም እንደሚሆን ግን አላሰብሁም።

ሐሙስ፣ ቡሬ

ማንኩሳን አልፈን ሐሙስ ቡሬ ገባን። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። የሻረግ በረንዳዋ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች። ጉልበቴን ስማ ወደ ውስጥ አስገባችኝ፤ ወንበሮቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። በብርሌ ጠጅ ቀድታ ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ጋሼ፣ ቀምሰው እውነቱን ይንገሩኝ። እጄ ከፍቶ ይሆን?"

ቀመስሁ። ማሩ የአገው ምድር ማር ነው፤ ጌሾው በልኩ ነው። የእናታችን እጅ ነው።

"ምንም አልሆነ" አልኋት።

"ታዲያ ለምን ይደፋል? በየሳምንቱ እየኮመጠጠ ጓሮ የምደፋው እኮ ይኸንኑ ጠጅ ነው። ሌሊት ተነሥቸ እቀምሰዋለሁ፤ ምላሴም ከዳኝ እንዴ እላለሁ።"

ከልጅነቷ ጀምሮ የእጇን ሙያ የማይጠራጠር ሰው ቢኖር የሻረግ ነበረች። ወንበሮቹን ከመስኮቱ ሥር ደርድሬ፣ "በገበያው ቀን ታያለሽ" አልኋት።

የገበያው ቀን

ገበያተኛው ከጠዋት ጀምሮ በበረንዳው አጠገብ ጎረፈ። የሻረግን እየጎነበሱ እጅ ይነሣሉ፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቃሉ፣ ያልፋሉ። እስከ ቀትር ድረስ አንድም ሰው አልገባም። መስተዋቱን ሁለት ጊዜ ወለወልሁት።

በመጨረሻ የአባታችን ወዳጅ የነበሩት አባ ይርጋ በርበሬ የጫነች አህያቸውን እየነዱ መጡ። እጃቸውን ይዤ፣ ግድ ብዬ አስገባኋቸው፤ ወንበሩ ላይም አስቀመጥኋቸው። ከጫፉ ላይ ቁጭ አሉ። ጠጁን በጋቢያቸው ሸፍነው አንድ ጊዜ ጎነጩ። እንጀራው ሲቀርብ ግን መስኮቱን አዩ። ውጭ ሰው ይተላለፋል። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ጠግቤያለሁ ልጄ።"

"ከጠዋት ጀምረው በእግርዎ መጥተው? ወንበሩ አልተመቸዎትም?" አልሁ። ድምፄ ሳልፈልገው ከፍ ብሎ ነበር።

ሽማግሌው ተነሡ፤ ቤቱን ዞረው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከግንድ ላይ ተቀመጡ።

"ወንበሩስ ይመቻል፤ እጅህ ይባረክ። ግን እስቲ ልጠይቅህ። ስትመጣ ምሳህን የት በላህ?"

"ከዋርካ ሥር።"

"ፊትህን ወዴት አዙረህ?"

"ከመንገዱ ወዲያ።"

"አባትህም እንደዚያው ነበር። ጋቢውን ከፍ ሳያደርግ አይጎርስም። የሰው ዓይን ያረፈበት ጉርሻ መች ይወርዳል? አንተ ታዲያ እኛን መስተዋት ውስጥ አስቀምጠህ ብሉ ትለናለህ?" ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ወንዱ ልጄ ዱር መግባቱን ታውቃለህ። እዚህ ቁጭ ብየ ያየኝ ሄዶ ለአርበኞቹ ይነግራል። ከማን ጋር እንደጠጣሁ ያየም ለሹሙ ይነግራል። እኛ ሆዳችን እንዲሞላ እንጅ ስማችን እንዲጠፋ አንገባም።"

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። እኔ በሬው ሆኜ ሰርዶውን ሳላየው አለፍሁ። ከማርቆስ አራት ወንበር ተሸክሜ መምጣቴን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ገብቼ ለእኅቴ፣ "ጥፋቱ የጠጅሽ አይደለም፤ የኔ መስኮት ነው" አልኋት።

ከአንዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያዘነች መስሎኝ ነበር። እንባዋን ስትጠርግ ግን፣ "ተመስገን፤ እጄ አልከፋም ማለት ነው" አለች።

የጓሮው በር

መስኮቱን መድፈን አይቻልም፤ የሹሙ ትእዛዝ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት የኋላውን ግድግዳ ቆርጬ ጠባብ በር አወጣሁ። ጓሮውን በቀርቀሃ አጠርሁ፤ ዳስ ጣልሁበት፤ ከአጥሩ ሥር መደብ ሠራሁ። እንደዚህ ያለ ዝቅተኛ በር ሠርቼ አላውቅም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ማንም ሳይለፍፍ፣ ሰው በጓሮ በኩል አንድ ሁለት እያለ ይገባ ጀመር። ለዑመርና ለእስላም ባልንጀሮቹም ለብቻ ጥግ ተይዞ ብርዝ ቀረበላቸው። ዳሱ ሞላ። የሻረግ ብርሌ አልበቃት አለ።

ሹሙ የሚዞረው ግን በዚያው ቀን ነበር። ጓሮውን አያይም፤ የሚያየው መስኮቱን ነው።

"ጋሼ፣ ከፊት አንድ ሰው እንኳ የለም" አለች እኅቴ። ፊቷ አመድ መስሏል። "ማንን ልለምን?"

የሚለመን ሰው አልነበረም። ዳሱ ውስጥ ካሉት አንዱን ና መስኮት ሥር ብላ ማለት፣ ስምህን ስጠኝ ማለት ነው። እጄን ታጠብሁ። ከሠራሁት ወንበር ላይ፣ ከሠራሁት መስኮት ሥር ተቀመጥሁ። የሻረግ ምንቸት አብሽ አቀረበችልኝ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ያዝሁ። አደባባዩ ሙሉ ሰው ነው፤ ከሰውና ከእኔ መካከል አንድ መስተዋት ብቻ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ማርቆስ እንደሚገባ አውቄያለሁ፤ እገሌ ለሹሙ በመስኮት ሲበላ ታየ ይባላል። አፈርሁ። ቢሆንም ጎረስሁ።

ሹሙ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ አየኝ፤ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምግቡ እንዴት ነው ይሉሃል" አለ አስተርጓሚው በበሩ በኩል።

"ደኅና ነው" አልሁ አፌ እንደሞላ።

ሹሙ ራሱን ነቀነቀና አለፈ። ግን አደባባዩን ዞሮ እስኪጨርስ መነሣት አልችልም፤ ከወዲያ ማዶ ዞር ቢል የሚታየው መስኮቱ ነው። መብላቴን ቀጠልሁ።

ቀና ስል ማንም አያየኝም። ወንዶቹ እዚያ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ አህዮቻቸው ያዞራሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ያልፋሉ። አባ ይርጋ ሹሙ ከማዶ ካለው ቤት እስኪገባ ጠብቀው አህያቸውን ከመስኮቱ ፊት አቆሙ። ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ዘረጉና የበርበሬ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ያራግፉት ጀመር። ጋቢው ንጹሕ ነበር። በልቼ እስክጨርስ ድረስ ከመስተዋቱ ላይ አላወረዱትም።

ወደ ቤት

ቤቱ ለየሻረግ ጸና። ወንበሮቹን ከመስኮቱ ሥር ትቻቸው በማግሥቱ ተነሣሁ። ደንበጫ ላይ ከዚያች ጠላ ቤት ገብቼ "ግድግዳዎ እንዳለ ይሁን" አልኋት ለባለቤቷ። አስታወሰችኝ መሰለኝ፣ ከሁሉ ውስጠኛው ጥግ ቦታ ሰጠችኝ።

ማርቆስ የገባሁት በምሳ ሰዓት ነው። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኋት፤ ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ቤት ከመሥራት በፊት ሰው እንዴት እንደሚጎርስ ማየት እንደሚገባ ነው አልኋት። እሷ እየሳቀች ማዕዱን አቀረበች። ከዚያ ሄዳ የውጭውን በር ገርበብ አደረገችው።

"ምነው ዘጋሽው?" አልኋት።

"መቼ ሳልዘጋው በልተው ያውቃሉ?" አለችኝ።

ተጋብተን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።