ከአኻያው ሥር የተቀባችው ቀይ

ሙሴ ኤቫሪስት ወደ መንደራችን የመጣው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ፓሪስ ውስጥ የሱቅ ሰሌዳ ሲጽፍ ነበር። አንድ እሑድ እኛ ዘንድ መጥቶ ዋዝ ወንዝ ዳር ጃንጥላ ተክለው የሚስሉትን ሰዎች አየና ልቡ እዚያው ቀረ። የእኔን ቤት ቆጥ ተከራየ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ካልጣለ በቀር ከወንዙ አይለይም። እኔ አሻጋሪ ነኝ፤ በጀልባዬ አጠገቡ ሳልፍ ከሸራው ቀና ብሎ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ሥዕሎቹን አልወድለትም ነበር። ቀረብ ብለህ ስታያቸው ዳቦ ላይ የተለቀለቀ ቅቤ ናቸው። አንድ ቀን ጀልባዬን ስሎ አገኘሁት።

«ሙሴ፣ መቅዘፊያዬን የት አደረስከው?»

«መቅዘፊያ አላየሁም። ያየሁት ቡናማ ሰረዝ ነው፤ እሱን አስቀመጥኩ።»

«እኔስ?»

«አንተ ሰማያዊ ነህ፤ ያውም ደብዛዛ።»

ሚስቴ በሳቅ ፈነዳች። እሱ ግን የምሩን ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ማሰብ ከጀመርክ ዓይንህ ይዋሽሃል፣ ብርሃኑም ጥሎህ ይሄዳል ይል ነበር። እነዚያ ጃንጥላ ተካዮች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው።

በመስከረም የልብስ አጣቢዋ የዜሊ ልጅ ጠፋች። ኖኤሚ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ወንዙ ዳር ተንበርክካ አንሶላ በዱላ ስትወቃ ቆይታ ዞር ብትል ልጅቷ የለችም። በዚያ ሁሉ የዱላ ጩኸት መሀል ማን ምን ይሰማል? እኔና የመንደሩ ወንዶች ሁለት ቀን ሙሉ ወንዙን በሜንጦ አሰስን። ግን የት እንደገባች የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነበር። ዜሊ ዳር ዳሩን እየተከተለችን «አፈር ላልብሳት፣ ሌላ አልለምናችሁም» ትላለች። እኔ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሾርባ እየጠጣን «ቀይ ሽርጥ አድርጋ ነበር አሉ» አልኩ። ኤቫሪስት ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ቆጡ ወጣና ብዙ ቆየ። ሸራውን በቢላዋ ጠርጎ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን ይዞት ወረደ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ግራጫ ውሃ፣ አንድ አኻያ ዛፍ፣ ከአኻያው በታች ጥፍር የምታህል ቀይ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«አልጠየቅኩም። ቀይ ናት ብዬ ነው የቀባኋት። ሥዕሉ ቀይ ይፈልግ ነበር።»

አንገቱን ልይዘው ተነሣሁ፤ ሚስቴ ክንዴን ጨምድዳ አስቀረችኝ።

ሲነጋ እሱ ሲስል የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ አንዴ ሸራውን አንዴ ወንዙን እያየ በእጁ መራን። ካመለከተን ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሰመጠ ግንድ ተይዛ አገኘናት።

ዜሊ ልጇን በአንሶላ ጠቀለለች። ከዚያ ሥዕሉን አምጡልኝ አለች። ሳሙና የበላው ጣቷ ቀይዋን አልነካም። ከእሷ በላይ፣ ወደ ዳሩ ጠጋ ብሎ፣ ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ላይ አረፈ።

«ይሄስ ሙሴ? እዚህ ምን ነበረ?»

እሱ ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«መጀመሪያ የቀባኋት እዚያ ነበር» አለ። «ቆይቼ ቀና ስል ቦታዋን ለቃለች። ፋቅኩና ታች ላይ ደግሜ ቀባኋት።»

ዜሊ ከተፋቀው እስከ ቀይዋ ያለውን በጣቶቿ ለካች።

«ይሄን ያህል ጊዜ ውሃው ላይ ነበረች» አለች። «ይሄን ያህል ጊዜ ልጄን ማውጣት ይቻል ነበር።»

ኤቫሪስት ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ተነሥ ያለው ሰው አልነበረም።