የጅቢት ቀጠሮ

አባቴ ያን ቀን ለምን ተቀመጠ? ይህን ጥያቄ መመለስ እንዳቃተኝ ሸበትኩ። ሰሞኑን አውቶቡሳችን ሮቢት ላይ ቆሞ አንዲት ልጅ በመስኮት ጥንቅሽ ስትዘረጋልኝ፣ ገዝቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለጥርሴ ሳልሳሳ ልጣጩን ገፍፌ ስመጥጠው፣ ያ ሣር ሣር የሚለው ጣፋጭ ውሃ ጉሮሮዬን ሲያርሰው፣ ጥያቄው ከነአቧራው ተነሣብኝ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ ሴት ልጆቻችሁን አስመዝግቡ እያለ አባቶችን ባፋጠጠበት ዓመት፣ አባቴ «እሺ፣ ፊደሉን ትለይ፤ ማሽላው ሲያሸት ግን አወጣታለሁ፤ ጎብዬ ላለው ሰው ልድራት ቃሌን ሰጥቻለሁ» ብሎ ቆቦ ከተማ አክስቴ ዘንድ አስቀመጠኝ። የወተት ጥርሳቸው ገና ባልወለቀ ሕፃናት መሃል፣ አንገቴ እንደ ግመል ጎልቶ፣ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ሌሎቹ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ የማሽላውን ቁመት ነበር የምቆጥረው፤ እሱ በረዘመ ቁጥር የእኔ ትምህርት ያጥር ነበርና።

መምህራችን እትዬ አስካለ ከደሴ የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይጎላ ሴት ነበሩ። ተረት ነግረውን ሲጨርሱ «ምን ተማራችሁ?» አይሉም። አንድ ልጅ ከፊት ባለችው በርጩማ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ያ ልጅ በተረቱ ውስጥ ያለውን ሰው ወይም አውሬ ይሆናል፤ የቀረነው «ለምን እንዲህ አደረግህ? ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» እያልን እንጠይቀዋለን። መልሱ ግን ከሰማነው ተረት መውጣት አለበት፤ ከኪስ የወጣ መልስ እሳቸው ዘንድ ዋጋ የለውም። ይኸው አመላቸው ኋላ የእኔም አመል ሆነ።

አንድ ቀን ከራሳቸው አውጥተው ይህን ነገሩን። ጅቢት በድርቅ ዘመን አህያን ቤቷ አስጠጋችው፤ ከአንድ ጉድጓድ እየጠጡ፣ ጎን ለጎን እየተኙ ክፉውን ቀን አሳለፉት፤ ዝናብ የጣለ ዕለት በላችው። ተረቱ በቃ ይኸው ነው። በቁመቴ ይመስለኛል፣ ጅቢት እንድሆን በርጩማዋ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

እትዬ አስካለ ያሰቡት ሌላ፣ እኛ የሰማነው ሌላ። አንድ ሰው መሃል ተቀምጦ ሲጠየቅ ያየነው ከዛፍ ሥር ብቻ ነው፤ አበጋሮች የሚባሉት ሽማግሌዎች ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ። ስለዚህ ማንም ሳያዘን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ በቀኝ የአህያ ዘመድ፣ በግራ የጅብ ዘመድ፤ የደም ካሳም ተጠየቀብኝ።

«ሥጋውን በልታ ጆሮውን እንኳ ለእናቱ አልላከችም!» አለ ኪሮስ፣ ከአህያ ወገን ዘሎ ተነሥቶ።

«እናቱስ? በድርቁ ጊዜ የት ነበረች? ወላሂ፣ ዘመድ የሚበዛው ለካሳ ነው!» አለች ዘይነባ ከእኔ ወገን።

እትዬ አስካለ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ግራ ተጋብተው ቆዩና፣ ኋላ ሄደው ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነገሩ በዚያ ቀን አልተቆረጠም፤ በማግሥቱም ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን፣ የገበያ ዕለት፣ አባቴ በሩ ላይ ቆመ፤ በትከሻው ትልቅ እስር ጥንቅሽ ተሸክሟል። ማሽላው አሽቷል። ለምን እንደመጣ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም፤ አክስቴ ልብሴን ማለዳውን ቋጥራ አስቀምጣዋለች።

በእኛ ዘንድ እርቅ በተቀመጠበት የደረሰ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ነገሩ ያልተቆረጠ ባለጉዳይም ከሽማግሌ ፊት ተነሥቶ አይወሰድም። ኪሮስ የአባቴን ጉዳይ ከየት አውቆ እንደሆነ እንጃ፣ «አባ ሙሄ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ነገሩ አላለቀም!» አለው። አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ፊደሉ አልታወቀኝም። እስሩን አውርዶ፣ በረባሶውን አውልቆ፣ ከአህያ ዘመዶች ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ጅቢት» አለኝ፣ በስሜ ሳይሆን፤ «በረሃቡ ጊዜ ያልበላሽውን፣ ስትጠግቢ ምን ነካሽ?»

ተረቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፤ መልስ የለውም። 

«ባለጉዳይ ካልመለሰች ነገር አይቆረጥም» አለ አባቴ። «ቀጠሮ ይሰጣት።» ከዚያ ጥንቅሹን እየሰበረ ለሁለቱም ወገን አደለና፣ እኔን በርጩማዬ ላይ ትቶ ወጣ።

ለጎብዬው ሰው ያለውን አክስቴ እየሳቀች ነገረችኝ። «ልጅቱ ነገር አለባት፤ ሳይቆረጥ አልሰጥም» ብሎታል። «ከማን ጋር?» ቢለው፣ «ከአህያ ወገን።» ሰውየው አባቴ አእምሮው የተነካ መስሎት ሌላ አገባ። ከዚያ በኋላ አባቴ ለገበያ በመጣ ቁጥር «ጅቢት መለሰች?» ይለኛል፤ «አልመለሰችም» እለዋለሁ፤ «እንግዲያው ትቆይ» ይልና ወደ ግመሎቹ ይሄዳል። አንድም ቀን አልሳቀም። እንዲህ እየተባለ፣ ባላለቀ የጅብ ነገር፣ መምህር እስክሆን ተማርኩ።

አሁን እትዬ አስካለ የት እንዳሉ አላውቅም፤ ተዛውረው ሄዱ። አበጋሮቹ የሚቀመጡበት ዛፍ ተቆርጦ ባጃጅ ይቆምበታል። አባቴም ነገሩ ሳይቆረጥ ሞተ። ሥርዓቱን አክብሮ ነው የተቀመጠው፣ ወይስ ሰበብ ሲፈልግ አገኘ? አባትን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ቤት አልተለመደም፤ እኔም ለማንም ሳልናገር ኖርኩ።

የተናገርኩት ጡረታ ልወጣ ስል ነው፤ ለትንንሽ ተማሪዎቼ፣ የማን ታሪክ እንደሆነ ደብቄ። «ሰውየው ለምን ተቀመጠ?» አልኳቸው። አንዱ ደክሞት ነው አለ፤ ሌላው ሽማግሌ ፈርቶ። «ከየት አወቃችሁ?» እያልኩ እንደ ልማዴ መለስኳቸው። ከጥግ አንዲት ትንሽ ልጅ ጥፍሯን ከአፏ አውጥታ፣ «ጥንቅሹ ትልቅ እስር ነው አላሉም? ልጁን ሊወስድ የመጣ ሰው፣ ለዚያ ሁሉ ልጅ የሚበቃ ለምን ይሸከማል?» አለች።

ያን ጥንቅሽ ዘመኔን ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ኖሬ አላላመጥኩትም። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ።

«የገበያ ቀን ነበር» አልኳት፤ «ሊሸጠው ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አደለው?»

«እንጃ።» ድምፄ ሲያንስ ተሰማኝ። «ሰውየው አባቴ ነበር።»

 ልጅቱ ግን ገና አልጨረሰችም። «ታዲያ እትዬ፣ እሳቸውን ለምን አልጠየቋቸውም?»

ከሰሌዳው ሥር ያለችውን በርጩማ ሳብኩና ተቀመጥኩባት።

«ቀጠሮ ስጡኝ» አልኳቸው።