ሽፋኑ ነው የተሳሳተው

ከመቱ ከተማ አጠገብ ባለችው ሁሩሙ ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ ከመጡት መጻሕፍት መካከል አንድ የእንግሊዝኛ ልብወለድ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ የተዋንያን ፎቶ አለበት። ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለማያውቅ ላስረዳ፤ መጀመሪያ በቴሌቪዥን የሚታይ ተከታታይ ድራማ ይኖራል፤ ድራማው ሲወደድ፣ በዚያው ድራማ ገጸ ባሕርያት አዲስ ታሪክ ተጽፎ ይታተማል። የእኛው መጽሐፍ በጠፈር ላይ መንገድ ስለጠፋት መንኩራኩርና ስለ ሠራተኞቿ ነበር።

ድራማውን እኔም ተማሪዎቼም አላየነውም። መብራት ባለ ቀን እንኳ፣ ዲሽ ያላቸው ቤቶች የሚከፍቱት ኳስ ወይም በአማርኛ የተተረጎመ የፍቅር ድራማ ነው። እኔ ግን መጽሐፉን ይዤ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ በኦሮምኛ እተረጉማለሁ፤ ኦሮምኛ በደንብ የማይሰሙት የነጋዴ ልጆች ግራ ሲጋቡ ደግሞ በአማርኛ እደግመዋለሁ። መጀመሪያ የመጡት ስምንት አይሞሉም ነበር፤ ኋላ ወንበር ጠፋ።

መጽሐፉ አንድ ችግር ነበረበት። አንባቢው ድራማውን አይቶታል ብሎ ስለሚነሳ፣ የመንኩራኩሯ አዛዥ ምን እንደሚመስል የትም ቦታ አይናገርም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ራሳቸው ሠሩት። ሁለት መካኒኮች የተጣሉ ጊዜ አዛዡ ሁለቱንም አስቀምጦ፣ ሳያቋርጥ ቃላቸውን ሰምቶ፣ ሌሎቹም ሐሳብ እንዲሰጡ ጠይቆ ያስታርቃቸዋል። ይህን ሲሰሙ ሁሉም በአንድ አፍ «ጃርሳ ነው!» አሉ። እኛ አገር ጠበኞችን አስቀምጦ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው ጃርሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛዡ ሽበታምና ዱላ የያዘ ሰው ሆነ። ሽፋኑ ላይ ያለው ጎረምሳ ነው ብዬ ባሳያቸው፣ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አየት አደረገችና፣

«ቲቸር፣ ሽፋኑ ነው የተሳሳተው» አለች። ማንም አልተቃወማትም።

አንድ ረቡዕ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ገቡ። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው አገላበጡት።

«ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የፊልም ትራፊ ለምን ታበያቸዋለሽ? መቱ ሆቴል ውስጥ አይቼዋለሁ እኮ። ያ ጺም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው አዛዡ!»

ያቺው ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ሲጣሉ ታዲያ ማን ያስታርቃቸዋል?»

«ማን ያስታርቃቸዋል? ይታኮሳሉ እንጂ!»

«እንግዲያው የተበላሸው ፊልሙ ነው» ብላ ተቀመጠች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ምክትሉ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ለፈተና ዝግጅት ብቻ እንደሚከፈት፣ መጽሐፉም ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚገባ ነገሩኝ።

እጄን ዘረጋሁ። «ጋሼ፣ ፊልሙ እዚህ አልደረሰም። ለእኛ ዋናው ይሄ ነው። መጽሐፉን ይስጡኝ።»

ለምን እንደሰጡኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት መጓተት አፍረው ይሆናል። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ የሙከራ ጊዜዬን የሚገመግሙት እሳቸው ናቸው። የረቡዕን ንባብ ብተው ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ይህንንም ለራሴ በደንብ አስረዳሁ፤ አስረድቼ ስጨርስም መተው እንደማልፈልግ ገባኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ አገኘነው። ዝናቡ መሬቱን ጅረት አድርጎታል። በረንዳው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ትንንሾቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ገና አንድ ገጽ ሳልጨርስ ምክትሉ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«አልነገርኩሽም? ግምገማሽ ላይ አሰፍረዋለሁ!»

«ያስፍሩት፣ ጋሼ። በረንዳ ላይ ታነባለች ብለው ያስፍሩት።»

ቆመው ይሁን ሄደው፣ ቀና ብዬ አላየሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴ ድምፅ ለራሴም አልሰማ አለኝ። ከኋላ ያሉት «አልሰማንም!» አሉ። ብድግ አልኩና ያንኑ አንቀጽ እንደገና፣ እየጮኽኩ አነበብኩላቸው።