አባቴ ዝንጀሮ ሊያዩ የሄዱ ዕለት

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። ዝንጀሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ የተወለድኩበት አዘና ደግሞ ዝንጀሮ ጠፍቶ አያውቅም።

የምሠራው እንጅባራ ነው። ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተሰባስበን የሰሜን ተራሮች ፓርክን ለመጎብኘት ሚኒባስ ተኮናተርን። አንድ አንድ የቤተሰብ ሰው መያዝ ስለተፈቀደ እኔ አባቴን መረጥኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አዘና ካለው ማሳቸው ርቀው አያውቁም። ማማ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ይውላሉ። ሲስቁ ከሰማኋቸው ቆይቻለሁ።

«ምን ልናይ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

«ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ።»

«ለዝንጀሮ ብለሽ ሙሉ ቀን መንገድ? እዚሁ ማማው ላይ ውጪና ልጥራልሽ!»

እንዲህ ይበሉ እንጂ በመሄጃችን ቀን ጋቢያቸውን ደርበው ከሁላችንም ቀድመው ተገኙ። ሚኒባሱ ሲመጣም «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ብለው በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ያዙ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ጠዋት ተራራው ላይ በእግር ስንጓዝ የጭላዳ መንጋ ሜዳው ላይ ተበትኖ ሣር ሲነቅል አገኘን። ባልደረቦቼ ስልካቸውን አወጡ። እኔም የእኔን ከቦርሳዬ ስፈልግ ከኋላዬ በአዊኛ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል አባቴ ወንጭፍ እያሽከረከሩ ነው። ለካ በጋቢያቸው ሥር ከአዘና ድረስ ይዘውት መጥተዋል! «ኧረ አባየ!» ከማለቴ ድንጋዩ ሄደ።

ደግነቱ አንዱንም አልመታም። መንጋው ግን ተንጋግቶ በገደሉ ወረደና ሜዳው ባዶ ሆነ። አብሮን የነበረው የፓርኩ ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ አባቴ ገሰገሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በአባቴ አፈርኩ። የእኔ አባት እንዳልሆኑ ሁሉ ፈንጠር ብዬ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ።

«አባቴ፣ እዚህ ድንጋይ መወርወር ክልክል ነው፤ ያስጠይቃል» ሲላቸው ይሰማኛል።

«ይቅር በለኝ ልጄ። እጄ ነው፤ ዝንጀሮ ሲያይ እኔን አያማክረኝም» አሉና ወንጭፉን አስረከቡት።

ጠባቂው ሳቁን መያዝ አቃተው። «የእኔም አባት ገብስ ሲጠብቁ ነው ያረጁት» አለ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። «ዝም ብለው ይቀመጡ። ይመለሳሉ።»

እውነትም ጭላዳዎቹ ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ አባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ቀና ብላ አየቻቸው። እኔም ቀስ ብዬ መጥቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አየሻት?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ዕድሜዬን ሙሉ ዝንጀሮ ሳባርር ጀርባውን ብቻ ነው የማውቀው። ፊቱን ገና ዛሬ አየሁ።» ከዚያ ሳቁ። ስናፍቀው የኖርኩት ሳቅ ነበር። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ጸጸቱ ግን አብሮኝ እንጅባራ ገባ።

ባለፈው የእሸት ወቅት ልጠይቃቸው አዘና ሄጄ ማማው ላይ አብረን ሳለን ዝንጀሮ መጣ። አዲሱን ወንጭፋቸውን አነሱና ሳይወረውሩ ቆዩ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«እስኪዞር» አሉኝ። ዞረ፤ ተያዩ። ከዚያ አባረሩት።

ያኔ እኔም ደፈርኩ። ያን ቀን በእሳቸው አፍሬ ፈንጠር ማለቴን ነገርኳቸው።

«አይቼሽ ነበር» አሉ እሸት እየፈለፈሉ። «ግን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይመለሳሉ ብሎኝ የለ ያ የፓርኩ ልጅ?»

አብረን ሳቅን። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ቅልል ብሎታል።