ሰባት ገጽ ብቻ ያለው ጀግና

ከደሴ በወጣሁበት ምሽት ሻንጣዬ የተመዘነው በጎረቤታችን በእህል ነጋዴው ሚዛን ነው። ሃያ ሦስት ኪሎ መሆን ነበረበት፤ ሃያ አምስት ሆነ። እናቴ ለሽሮው፣ አባቴ ለመጻሕፍቱ ተሟገቱ።

«ሽሮ አሜሪካም ይሸጣል አሉ» አለ አባቴ።

«የእኔ ሽሮ ነው የሚሸጠው?» አለች እናቴ።

መጻሕፍቱ ወጡ። እኔ ያዘዙኝን እሺ ማለት የለመድኩ ልጅ ስለሆንኩ እሺ አልኩ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ግን የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ተመለስኩና ዘጠኙን መጻሕፍት ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኳቸው። የመጀመሪያዬ እምቢታ ይኼ ነበር፤ ማንም አላየውም።

መጻሕፍት ስላችሁ ትልልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አባቴ ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ ያከራያል። እኔ ሳልወለድ፣ አንድ አሜሪካዊ መምህር ድሮ ጥሏቸው የሄደውን ሁለት ካርቶን የቆዩ ኮሚክሶች፣ በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች፣ ከሰውየው ቤት አከራይ ላይ ገዝቷቸው ነበር። ልጅ ሆኜ የማውቃቸው ሁለት ዓይነት ሆነው ነው። ወፍራሞቹ ላይ ካባ የለበሰ ሰውዬ ይበራል፤ እነሱ ሁልጊዜ በኪራይ ስለሚወጡ እጄ አይገቡም። ቀጫጭኖቹ ሰባት ሰባት ገጽ ናቸው። በሲሚንቶ ወረቀት ተለብጠው፣ በጫማ ሰፊ ክር ተሰፍተው፣ ርእሳቸው በአባቴ እጅ በአማርኛ ተጽፎባቸው መደርደሪያው ላይ ይቀመጣሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማነባቸው እነሱን ነው።

ከሁሉም የምወደው «ዝናብ ሰሚው» የሚለውን ነበር። ሰውየው ጣሪያ ሠራተኛ ነው። ያለው ኃይል ዝናብን አንድ ቀን ቀድሞ መስማት ብቻ ነው። አይበርም፤ ቢወድቅ ይሰበራል። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ያድናል፣ አንድ ጊዜ ዳቦ ቤት፣ አንድ ጊዜ የአንዲት ባልቴት የዶሮ ቤት። ሰባተኛው ገጽ ላይ ጫማውን አውልቆ ሾርባውን ይጠጣል። በደሴ ክረምት ቆርቆሮ ሥር ላደግን ልጆች ከተማ በአንድ እጁ የሚያነሳ ሰው ምን ያደርግልናል? እኛ የምንፈልገው ምስማር የሚመታልንን ሰው ነበር።

አትላንታ ስደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ በነሐሴ ካፖርት መልበሴን ጠርጥሮ አስወለቀኝ። ዘጠኙን ትንንሽ መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና አንዱን ገለጠ።

«ዋናው የታለ?» አለኝ።

«ዋናው ይኼ ነው ጌታዬ።»

«አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ እነዚህን አንብቤያለሁ። እነዚህ ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ ገጽ ለመሙላት ከኋላ የሚገቡት ናቸው። ባክአፕ ነው የሚባሉት።»

«የእኔዎቹ ሙሉ ናቸው» አልኩት። በሕይወቴ ከባለሥልጣን ጋር ስከራከር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ጓደኛውን ጠርቶ እየሳቀ «ይችን ልጅ እያት፣ ከአፍሪካ ድረስ የገጽ መሙያ ተሸክማ መጣች» አለው። ሽሮውን ሳያዩት አለፍኩ።

አክስቴ ዘይነብ የምትኖረው በአትላንታ ዳር ስቶን ማውንቴን ነው፤ የምትሠራው እዚያው አካባቢ ደንዉዲ ካለ ሆቴል ነው። ስለ አየሩ ብዙ አልላችሁም፤ ነሐሴ የፈላ ድስት ክዳን እንደ መክፈት ነው። ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው። እዚህ ዝናብ ጣሪያ ላይ አይሰማም። ቆርቆሮ የለማ። ጠዋት ስትወጡ መሬቱ ረጥቧል፤ መቼ እንደዘነበ የሚያውቅ የለም። ለአክስቴ ብነግራት «ዝናብ ደግሞ ይናፈቃል?» አለችኝ።

ትምህርት ስጀምር በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥራ አገኘሁ። አለቃዬ ሚስ ዶና ሁሉንም ሰው «ሃኒ» ብላ ትጠራለች። ማር ማለት ነው። ለአዲስ ገቢዎች ልንገራችሁ፤ እዚህ አገር እምቢ የሚሏችሁ ማር ካሏችሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ብዙ ካርቶን የቆዩ ኮሚክሶች በስጦታ መጡና እንድለያቸው ታዘዝኩ። የመጀመሪያውን ገለጥኩ። ካባ የለበሰው ሰውዬ ዓለምን አድኖ ጨረሰ። ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ ዝናብ ሰሚው መሰላሉን ተሸክሞ ቆሟል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ፈታሹ እውነቱን ነው። የእኔ ጀግና ስሙ ሽፋኑ ላይ የሌለ፣ በሌላ ሰው መጽሐፍ ጀርባ የሚኖር ተከራይ ኖሯል። ሁለቱን የለያየው የአባቴ ምላጭ ነው።

አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ አራት ኮሚክሶች ከፊት እስከ ኋላ አነበብኩና ሐፍረቱ ለቀቀኝ። ከፊት ያሉት ብዙ ያወራሉ፤ ዓለም በየወሩ ልትጠፋ ትቃረብና በየወሩ ትተርፋለች። ከኋላ ሰባት ገጽ ብቻ ስላለ ለመፎከር ጊዜ የለም። ሠዓሊው ደግሞ ማንም አያየኝም ብሎ የልቡን ይሥላል። አንድ ገጽ ሙሉውን ዝናብ ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን መሰላል። እንዲህ ያለ ገጽ ከፊት አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነው የምላችሁ።

ሚስ ዶና ስድስት ኮሚክሶች መርጣ በመግቢያው የመስታወት ሣጥን ለዕይታ ልታስቀምጥ ሆነ። ሁሉም ሽፋናቸው ብቻ እንዲታይ ነበር የፈለገችው።

«አንዱን ከኋላው ገልጠን ብናሳይስ?» አልኳት።

«ሃኒ፣ ሰው የሚያውቀውን ነው ማየት የሚፈልገው።»

እሺ አልኩ። በማግስቱ፣ ሣጥኑ ገና ስላልተቆለፈ፣ ገለጥኩት። ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ አገኘሁት፤ እንደገና ገለጥኩት። በሦስተኛው ቀን ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ይኼን ሥራ ትፈልጊዋለሽ?»

«በጣም። ቪዛዬ ከግቢ ውጭ እንድሠራ አይፈቅድልኝም።»

«ታዲያ ለምን ታስቸግሪኛለሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገም ከዘጉት ነገም እገልጠዋለሁ።»

በጣቷ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመች። «መጸዳጃ ቤቱ ጋ ባዶ ሣጥን አለ። እዚያ ግለጪው።»

«አይሆንም። ዕድሜውን ሙሉ ከኋላ የኖረን ሰው እንደገና ከኋላ አላስቀምጥም።»

«እንግዲያው በመክፈቻው ቀን አጠገቡ ትቆሚያለሽ» አለች። «እስከ አምስት ሰዓት አንድ ሰው እንኳ ቆሞ ካነበበው እንደተገለጠ ይቆያል። ካልሆነ እዘጋዋለሁ፤ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ።» አምስት ሰዓት ያለችው በእኛ አሥራ አንድ ነው።

አክስቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ለጣሪያ ሠራተኛ ብለሽ ጆብሽን ልታጪ? ወላሂ አባትሽ ነው ያበላሸሽ።»

በቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ቆምኩ። ሰው ሽፋኖቹን ፎቶ እያነሳ ያልፋል። አንድ ተማሪ ገጼ ፊት ሲቆም ቀጥ ብዬ ፈገግ አልኩ፤ ፕሪንተሩ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰዓቱ ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ሚስ ዶና ሰዓቷን እያየች ከቢሮዋ ወጣች። ያን ጊዜ አክስቴ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች፣ የመኪና ቁልፏን እያንቃጨለች ገባች።

«ፓርክ ያደረግኩት የማይቆምበት ነው። ቶ አድርገው መኪናዬን ሳይጎትቱብኝ ቶሎ አሳዪኝ፤ የቱ ነው?»

አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ መስታወቱ ላይ ተደፋች። እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፤ ማዕበሉ መጥቷል፣ ከጣሪያው ሥር ተማሪዎች አሉ።

«ቆይ፣ ምስማር አለቀበት?»

«አለቀበት።»

«እና በምን ያዘው?»

«ላዩ ላይ ተኝቶ፣ በገዛ ክብደቱ።»

«እስከ መቼ ሊችል?»

«ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው።»

«ግለጪዋ ታዲያ።»

«ተቆልፏል አክስቴ። ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

አክስቴ ወደ ሚስ ዶና ዞረች። «ማዳም፣ ኦፕን ፕሊስ። ዘ ሩፍ፣ ፎል ኦር ኖት ፎል?» ክፈቺልን፣ ጣሪያው ይወድቃል ወይስ አይወድቅም ማለቷ ነው።

«ማን ናቸው?» አለችኝ ሚስ ዶና።

«አክስቴ ናት። ግን ቆማ አንብባለች።»

ሚስ ዶና አክስቴ ጣቷን ያሳረፈችበትን ለማየት ጎንበስ አለች። ስትዘጋው የከረመችውን ገጽ ስታነበው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቆይታ ቁልፏን አወጣች። ሦስታችን ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደፍተን ቀጣዩን ገጽ አየን። ስንወጣ መኪናው ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀን። አክስቴ አንስታ አየችውና «ብቻ ጣሪያው አልወደቀም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሚስ ዶና በየጠዋቱ አንድ ገጽ ትገልጣለች። የሚቆመው ሰው ብዙ አይደለም። እኔም ከሥራዬ አልወጣሁም። አሜሪካ ድረስ ሄዳ ለቁራጭ ወረቀት ትጣላለች የምትሉኝ ካላችሁ፣ አዎ፣ እጣላለሁ።

አርብ ለአባቴ ደወልኩ። «አባ፣ የቆረጥካቸው አንተ ነህ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሴ አየሁት። ለምንድን ነው?»

«ሁለቴ ላከራያቸው ነዋ ልጄ። ሌላ ምን መሰለሽ?» ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ አጠረ። «አሁን እንደሆነ የሚከራይ የለም። ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ፊትና ኋላቸውን አንድ ላይ ልስፋቸው እንዴ?»

«እንዳትነካቸው አባ። ብቻቸውን ሆነው ነው ያሳደጉኝ።»

«ይሁን። የዝናብ ሰሚው ያላነበብነው አለ?»

«እዚህ ሠላሳ ሁለት አግኝቻለሁ።»

«እንግዲያው በቀን አንድ አንድ ገጽ በአማርኛ አንብቢልኝ። እስክትመጪ ያደርሰናል።»

አባቴ ሒሳብ በቃሉ ይሠራል፤ ሠላሳ ሁለት በሰባት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። በቀን አንድ ገጽ ዓመት አይሞላም። የእኔ ትምህርት አራት ዓመት ነው። እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት። የመጀመሪያውን ገጽ ጀመርኩለት፤ በጣም ቀስ ብዬ።